ለከስደት ተመላሾች የመኖሪያ ቤት ጥያቄ

ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሂጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ስንዴና ገብስ በብዛት የሚመረትበት ደጋ በመሆኑ ስሟ ከረሀብ ጋር አብሮ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ የወላጅ ማሳ ለልጆች ተከፋፍሎ የሚበቃ ባለመሆኑ፣ የአርሲ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ተቈጥረዋል። ከእነርሱም መካከል በደላላ ተታለው፣ ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው፣ ያለ ደመወዝ ያገለገሉ አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ወገኖች ሲመለሱ የሚገጥማቸውን የመኖሪያ ቤት ችግር ማስረዳት ነው።

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ የተለመደው አሠራር ተመላሹን በጊዜያዊ ማረፊያ ጥቂት ቀናት አቈይቶ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ትውልድ ቦታው መላክ ነው። የአሠራሩ መነሻ እያንዳንዱ ተመላሽ የሚገባበት ቤት አለው የሚል ግምት ነው። ግምቱ ግን በሦስት ምክንያቶች ሊፈርስ ይችላል።

አንደኛው ዕዳ ነው። ለጉዞው በሬ ተሽጦ ወይም ገንዘብ ተበድሮ ከሆነ፣ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ የአበዳሪውን ፊት ትፈራለች። ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በላከችው ገንዘብ የተሠራው የቆርቆሮ ቤት በአባት ወይም በወንድም ስም ከተመዘገበ፣ በገዛ ላቧ በቆመው ቤት እንግዳ ትሆናለች። ሦስተኛው የጎረቤት ሐሜት ነው። ታማ ወይም ልጅ ይዛ የተመለሰች ሴት ከወላጆቿ ደጅ መድረስ ይከብዳታል።

እንዲህ ያለችው ተመላሽ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። በዚያም አከራይ የጥቂት ወራት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃታል፤ ቋሚ አድራሻ ስለሌላት የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት ይቸግራታል፤ ያለ መታወቂያም ብድር ማግኘት አይቻልም። ሁለተኛ ጊዜ ደላላው የሚያገኛት እዚህ ላይ ነው።

ካለፈው የሰፈራ ታሪክም የሚወሰድ ትምህርት አለ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስደዋል። ጎጆ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ሆኖም ብዙዎቹ ቦታውን ጥለው ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመልሰዋል። ሰው ፈቅዶ ያልመረጠው ጣራ ቤት ሊሆንለት እንደማይችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ስለዚህ የቤት ድጋፍ በሦስት ደረጃ ሊታሰብ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ደላላ የማይደርስበት፣ ሕክምናና ምክር ያለበት ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ቀጥሎ፣ የኪራይ ቅድሚያ ክፍያን ሸፍኖ ውሉ በተመላሿ ስም እንዲጻፍና መታወቂያ እንድታወጣ መርዳት ነው። በመጨረሻም፣ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፣ በአገር ሽማግሌዎች አማካይነት ከቤተሰቧ ጋር ማስታረቅና በላከችው ገንዘብ ላይ ያላት መብት በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ማድረግ ነው።

የመስክ ሠራተኛውም ቃሏን በሚቀበልበት ጊዜ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ጥያቄው በምትናገረው ቋንቋ፣ በአርሲ በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ከቤተሰብ ተለይታ፣ ከተቻለም በሴት ሠራተኛ ሊቀርብላት ይገባል። «ቤት አለሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም። «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ? ከወር በኋላስ? ቤቱ የማን ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የሰው መነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂዎች ጥበቃና መልሶ መቋቋሚያ ሊያገኙ እንደሚገባ ደንግጓል። ድንጋጌው ፍሬ የሚሰጠው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ሲተረጐም ነው። ተመላሿን አውቶቡስ ላይ ማሳፈር የሥራው ፍጻሜ አይደለም፤ ከውስጥ የምትቈልፈው በር እስክታገኝ ድረስ ጉዞዋ እንዳላበቃ ሊታወቅ ይገባል።