ስልሳ ሴኮንድ ስንት ቀን ነው?

ዋርድ ኪምባል በዲዝኒ ስቱዲዮ ወጣት አኒሜተር ሳለ ሰባቱ ድንኮች ሾርባ የሚጠጡበትን ትዕይንት ወራት ፈጅቶ ሠራ። «ስኖው ዋይት» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1937 ለእይታ ስትበቃ ግን ሾርባው ፊልሙ ውስጥ አልነበረም። ሥዕሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ታሪኩን ያጓትታል ተብሎ ነው የተቆረጠው። በ250 ሺህ ዶላር ገደማ ያልቃል ተብሎ የታሰበው ፊልምም ሲጠናቀቅ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር።

ለዲዝኒ ባንክ አበደረው፤ ፊልሙም ወጪውን በብዙ እጥፍ መለሰ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ፍሪላንስ አኒሜተር ግን እንዲህ የሚደርስለት ባንክ የለውም። ደንበኛው ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር የሚጣለው ሥራ የእሱ ሌሊት፣ የእሱ የቤት ኪራይ ነው። በሥልጠና ላይ ሶፍትዌሩን በደንብ ይማራል፤ ሒሳቡን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስሮ ነው የሚማረው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቴሌግራም ነው። «ሰላም ወንድም፣ የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ስንት ትሠራልኛለህ?» ይላል መልእክቱ። ወጣቱ ደንበኛው እንዳያመልጠው ይቸኩልና ጓደኛው ባለፈው ወር የተቀበለውን ገንዘብ አስታውሶ፣ ከዚያም ትንሽ ቀንሶ ይመልሳል። ስህተቱ የተፈጸመው እዚያው ላይ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ነጋዴ እንኳ ጥለቱን ሳያይ የቀሚስ ዋጋ አይናገርም።

አንድ ደቂቃ ማለት በሴኮንድ 24 ፍሬም ታስቦ 1,440 ፍሬም ነው። በእጅ የሚስል ሰው እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያቆየው፣ አብዛኞቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፣ 720 ሥዕል ይቀረዋል። አንዱ ሥዕል 20 ደቂቃ ከወሰደ 240 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 30 ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። ጽሑፍና ምልክት ብቻ የሚንቀሳቀስበት ሌላ አንድ ደቂቃ ደግሞ በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል። ሁለቱም አንድ ደቂቃ ይባላሉ። ስለዚህ የሚሸጠው ደቂቃ ሳይሆን የሥራ ቀን መሆኑን አኒሜተሩ መጀመሪያ ለራሱ ማመን አለበት።

የአንድ ቀኑ ዋጋ ስንት ነው? ለምሳሌ ያህል በወር በ45 ሺህ ብር የሚኖር አኒሜተር እንውሰድ። በዓመት 540 ሺህ ይሆናል። በ180 ሺህ ብር የገዛው ኮምፒውተር ሦስት ዓመት ቢያገለግለው በየዓመቱ 60 ሺህ ይበላል። ኢንተርኔት፣ መብራትና ሶፍትዌር በወር 5 ሺህ ቢሆኑ ሌላ 60 ሺህ ናቸው። ለግብርና ለክፉ ቀን 180 ሺህ ቢያስቀምጥ ድምሩ 840 ሺህ ይደርሳል። አሁን ቀኑን ይቁጠር። ከ365 ቀን ቅዳሜና እሑድ 104ቱን ይወስዳሉ፤ በዓላት፣ ሕመም፣ ሰርግና ለቅሶ ሲቀነሱ 230 ገደማ ይቀራል። ከዚያም ላይ ደንበኛ ፍለጋው፣ ፕሮፎርማ መጻፉ፣ ክፍያ ለመቀበል መመላለሱ አለ። በእርግጥ ተሠርቶ የሚከፈልበት 140 ቀን ቢያገኝ ጥሩ ነው። 840 ሺህ ለ140 ሲካፈል በቀን 6 ሺህ ብር ይመጣል።

ብዙዎች ይህን ሒሳብ ሲያዩ ይደነግጣሉ። የወር ደመወዛቸውን ለ30 አካፍለው ዋጋ ሲሰጡ ስለኖሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው በቀን ይቆረጣል። በሪግ (በዲጂታል አጽም) የሚንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይ ያለው የ60 ሴኮንድ ማስታወቂያ ይሁን፤ ስክሪፕት 2 ቀን፣ ስቶሪቦርድ 3፣ የገጸ ባሕርይና የቀለም ንድፍ 3፣ አኒማቲክ (ስቶሪቦርዱ ከድምፅ ጋር በጊዜ ተሰድሮ) 1፣ እንቅስቃሴው 8፣ ድምፅና ኤዲቲንግ 2፣ ስብሰባና ማስተካከያ 3። በድምሩ 22 ቀን፣ 132 ሺህ ብር። ለድምፅ ተዋናይ 8 ሺህ፣ ለሙዚቃ ፈቃድ 4 ሺህ ሲጨመር 144 ሺህ ይሆናል። ላልታሰበ ነገር 15 በመቶ ሲታከልበት 165,600 ብር ይደርሳል። ለቫት የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶው በዚህ ላይ ለብቻው ተጽፎ 190,440 ይሆናል። ቫቱ ገቢው አይደለም፤ ሰብስቦ ለመንግሥት የሚያስረክበው ነው። ቫትን ዋጋው ውስጥ ረስቶ የገባ ሰው የኋላ ኋላ ከራሱ ድካም ላይ ይከፍለዋል።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ የሚፈስሰው በማስተካከያ ነው፤ የኪምባል ሾርባም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ለውጥ ዋጋው እንደመጣበት ጊዜ ይለያያል። «እናትየዋ ገበያ ከምትሄድ ባንክ ትሂድ» የሚለው ሐሳብ ስክሪፕቱ ላይ ከመጣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ስቶሪቦርዱ ላይ ከመጣ ግማሽ ቀን ይወስዳል። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ከመጣ ግን አዲስ ጀርባ ሥዕል፣ አዲስ እንቅስቃሴ፣ አዲስ የድምፅ ቅጂ ነው። በሥሪዲ ደግሞ ይብሳል። አንድ ፍሬም ሬንደር ለማድረግ 5 ደቂቃ የሚፈልግ ኮምፒውተር 1,440ውን ለመጨረስ 120 ሰዓት ይቆያል፤ መብራት ሳይጠፋ አምስት ቀንና ሌሊት። በሁሉም ትዕይንት ውስጥ ያለች አንዲት ሴት የነጠላዋ ጥለት ቀለም ይለወጥ ቢባል እነዚያ አምስት ቀናት እንደገና ይቆጠራሉ።

ደንበኛው ክፉ ሆኖ አይደለም። ስቶሪቦርድ ማንበብ የለመደ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያየው ሲንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ አኒሜተሩ በየደረጃው ማጽደቂያ ማስፈረም ይኖርበታል። ስክሪፕቱ ጸደቀ፣ ስቶሪቦርዱ ጸደቀ፣ አኒማቲኩ ከነድምፁ ጸደቀ። በየደረጃው ሁለት ዙር ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወይም ወደ ጸደቀው ደረጃ የሚመልሰው በቀን 6 ሺህ ይታሰባል። ይህን ከመጀመሪያው ተጽፎ ያገኘ ደንበኛ ብዙ ጊዜ አይከፋውም። የሚከፋው ሥራው መሃል ሲደርስ የሰማ ነው። የሚያጸድቀው ሰው ማን እንደሆነም ውሉ ላይ ይስፈር፤ ከማርኬቲንግ ክፍሉ ጋር ሦስት ሳምንት ተግባብቶ በመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ ገና አላየውም የተባለ አኒሜተር ይህን ምክር መስማት አያስፈልገውም።

«በጀታችን 80 ሺህ ነው» ቢባልስ? በዚህ ጊዜ መቀነስ ያለበት ሥራው ነው እንጂ የቀኑ ዋጋ አይደለም። ለዚህ ከዊልያም ሃናና ከጆሴፍ ባርበራ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሁለቱ በኤምጂኤም ስቱዲዮ «ቶም ኤንድ ጄሪ»ን ሲሠሩ ሰባት ኦስካር አስገኝተዋል፤ ሰባት ደቂቃ ገደማ የምትረዝም አንዷ ፊልም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ትወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ስቱዲዮው የአኒሜሽን ክፍሉን ዘጋ። ሃናና ባርበራ ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ፤ እዚያ ለአምስት ደቂቃ የሚገኘው 3 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ «ቶም ኤንድ ጄሪ»ን ልሥራ ያለ ሰው በወሩ ይከስራል። እነሱ ግን የሥዕሉን ቁጥር ቀነሱ፤ አካሉ ቆሞ አፉና እጁ ብቻ እንዲንቀሳቀስ፣ አንዱ ጀርባ ሥዕል ደጋግሞ እንዲያልፍ አደረጉ። ዮጊ ድብ አንገቱ ላይ ያሰረው ኮሌታና ክራቫትም ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ጭንቅላቱ ለብቻው ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያውን የሚሸፍን ዘዴ ነበር። እነዚህ ሥራዎች ተወደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 «ፍሊንትስቶንስ»ን አስከተሉ።

የአዲስ አበባው አኒሜተርም ለ80 ሺህ ብሩ የሚሆን መልስ አለው። 60 ሴኮንዱ 30 ይሁን፣ ሦስት ገጸ ባሕርያት ካሉ አንድ ይሁኑ፣ ወይም ቁም ሥዕሎች በካሜራ እንቅስቃሴና በጥሩ ድምፅ ይቅረቡ። ሙሉውንና የተቀነሰውን አማራጭ ጎን ለጎን ያየ ደንበኛ መጀመሪያ አልችልም ያለውን ገንዘብ ፈልጎ የሚመጣበት ጊዜም አለ።

የውጭ ደንበኛ ያለው ሰው ሌላ ነገር ይቆጥራል። የፍሪላንስ ድረ ገጹ ፋይቨር ከሻጩ 20 በመቶ ስለሚቆርጥ የ500 ዶላር ሥራ እጁ የሚገባው 400 ሆኖ ነው። ብሩም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሰኔ ዋጋ ሰጥቶ በመስከረም ሥራ የጀመረ፣ ሶፍትዌሩንና የሙዚቃ ፈቃዱን በዶላር የሚከፍል ሰው ያንን ልዩነት የሚጠይቀው አካል አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማው ግርጌ ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ይጸናል» የምትል መስመር ማስፈር ግድ ነው።

ክፍያው ደግሞ በሦስት ይከፈላል። ሥራው ሳይጀመር 50 በመቶ ቀብድ፣ አኒማቲኩ ሲጸድቅ 30፣ ሲያልቅ 20። ቀብዱ ባንክ ሳይገባ ስቶሪቦርድ አይጀመርም፤ ለዘመድም ቢሆን፣ ይልቁንም ለዘመድ። የመጨረሻው 20 በመቶ እስኪገባ ድረስ ለደንበኛው የሚላከው ቪዲዮ በመሃሉ የአኒሜተሩ ስም ደብዘዝ ብሎ የተጻፈበት ነው። ንጹሑ ቅጂ ገንዘቡ በገባበት ቀን ይላካል፤ የሪጉና የፕሮጀክቱ ፋይል ግን ውሉ ላይ ለብቻው ዋጋ ካልወጣለት እዚያው አኒሜተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል።