ድምፅ በብይ

በጋምቢያ የምርጫ ቀን ከምርጫ ጣቢያ አጠገብ ብስክሌት ይዞ ማለፍ ክልክል ነው። ነገሩ የትራፊክ ወይም የፀጥታ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የሚያስቸግረው የብስክሌቱ ደወል ነው። አስፈጻሚዎቹና ታዛቢዎቹ ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን ጥለው የሚያዳምጡት ሌላ ደወል አለ፤ የብስክሌት ደወል ደግሞ ከእሱ ጋር ክፉኛ ይመሳሰላል።

ጋምቢያውያን ድምፅ የሚሰጡት በወረቀት ሳይሆን በብይ ነው። አዎ፣ እኛ በልጅነታችን አፈር ላይ ተንበርክከን በተጫወትንበት የመስታወት ብይ። ስሟን ከወሰደችበት ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋችው ይህች ትንሽ አገር ሥርዓቱን የጀመረችው በ1960ዎቹ ነው (የውጭ አገር ታሪኮችን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። በ1965 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ስትላቀቅ አብዛኛው ሕዝቧ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። የመራጩን ፊደል መቁጠር ከመጠበቅ ይልቅ ፊደል የማያስፈልገው መሣሪያ ተዘጋጀለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መራጩ ካርዱን ያሳያል፤ ስሙ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ጣቱን ቀለም ይነከራል። ከዚያ አስፈጻሚው አንዲት ብይ ይሰጠዋል። ወደተከለለው ቦታ ሲገባ የሚጠብቁት የብረት በርሜሎች ናቸው፤ ለአንድ ዕጩ አንድ በርሜል። እያንዳንዱ በየራሱ ቀለም ተቀብቷል፤ የዕጩው ፎቶግራፍም ተለጥፎበታል። ከበርሜሉ አናት ላይ ቧንቧ ብቅ ብሏል። መራጩ ብዩን በቧንቧው ይለቃታል፤ ቁልቁል ወርዳ ውስጥ ያለውን ደወል ትመታለች። ቅጭል! አለቀ።

የመሣሪያው ብልሃት ያለው ደወሉ ላይ ነው። ሰው ማንን እንደመረጠ ማንም ማየት የለበትም፤ ሁለቴ አለመምረጡን ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዓይን የተከለከለውን ሥራ ጆሮ ይሠራዋል። ደወሉ አንዴ ከጮኸ ደግ ነው፤ ሁለቴ ከጮኸ ሰውየው ከቤቱ ብይ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። በርሜሉ ወለል ላይ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይነሰነሳል፤ ብዩ ደወሉን መትታ ስትወድቅ ከብረቱ ጋር ተጋጭታ ሌላ ድምፅ እንዳታወጣና አድማጩን እንዳታሳስት። ይህን ያሰበ ሰው መራጩንም፣ አጭበርባሪውንም፣ ብረትንም በደንብ ያውቅ ነበር።

ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ ብዮቹ 200 ወይም 500 ጉድጓድ ባላቸው ትሪዎች ላይ ይደረደራሉ። ትሪው ከሞላ ሞላ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ታዛቢም ቆሞ አይቶ ያምናል። በወረቀት ምርጫ የሚያጨቃጭቀው የተበላሸ ድምፅም እዚህ የለም። ሁለት ሳጥን ላይ ምልክት ያረፈበት ብይ አይኖርምና።

ምስጢርንና ቁጥጥርን አንድ ላይ ማስታረቅ የቆየ ፈተና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን የአቴና ፍርድ ቤት ዳኞች እያንዳንዳቸው በመካከላቸው አጭር ዘንግ የተላለፈባቸው ሁለት የነሐስ ክቦች ይሰጧቸው ነበር። የአንዱ ዘንግ ክፍት ቱቦ ነው፤ የሌላው ድፍን ነው። ክፍቱ ለከሳሽ፣ ድፍኑ ለተከሳሽ። ዳኛው የዘንጉን ጫፎች በጣቶቹ ሸፍኖ ስለሚይዝ የትኛውን እንደመረጠ አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ አያውቅም። የሚቆጠርለትን በነሐስ እንስራ፣ የማይፈልገውን በእንጨት እንስራ ይጥላል። የነሐሱ እንስራ ክዳን ቀዳዳ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ክብ በላይ አያሳልፍም። ከጋምቢያው ቧንቧ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጤዎች ግን በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

ምስጢሩ ራሱ በሌላ ቦታ በቀላሉ አልተገኘም። እንግሊዝ ውስጥ በ1838 የሠራተኛው መደብ የቻርቲስቶች ንቅናቄ ስድስት ጥያቄዎች አንሥቶ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወንድ ሁሉ ይምረጥ፣ ድምፁም በምስጢር ይሁን የሚሉት ከመካከላቸው ናቸው። መራጭ ያን ጊዜ ምርጫውን የሚናገረው በአደባባይ ስለነበር ጭሰኛው የባለርስቱን ፊት እያየ ነበር የሚመርጠው። ፓርላማው አቤቱታቸውን በ1839፣ በ1842 እና በ1848 ገፋው። ምስጢራዊ ድምፅ በሕግ የጸናው በ1872 ነው።

አሜሪካ ደግሞ ከጋምቢያ ተቃራኒውን መንገድ ሄደች። የደቡብ ግዛቶች፣ ሚሲሲፒ በ1890 ቀዳሚ ሆና፣ ማንበብ መቻልን የመራጭነት መለኪያ አደረጉት። በወረቀት ላይ ሲታይ ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ ነው። በተግባር ግን መዝጋቢው ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የፈለገውን አንቀጽ አውጥቶ «ተርጉምልኝ» ይላል፤ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን የሚፈርደውም ራሱ ነው። የተማረ ጥቁር መምህር ሊወድቅ፣ ስሙን እንኳ መጻፍ የሚቸግረው ነጭ ሊያልፍ ይችላል። ፈተናው የቆመው በ1965 በወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት ከ7 በመቶ በታች የነበረው የተመዘገቡ ጥቁሮች ድርሻ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 በመቶ ተጠጋ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ማንበብ ተማረ የሚል ካለ ይንገረኝ።

እኛም አገር ፊደል ላልቆጠረ መራጭ መላ ተፈልጎለታል። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ማንበብ አይችልም ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት ምርጫዎች የለመድነው የፓርቲ ምልክት፣ ንቡም ሁለቱ ጣቶችም፣ ሥራው ከጋምቢያ በርሜል ቀለም ጋር አንድ ነው።

የብዩ ትልቅ ፈተና የመጣው በታኅሣሥ 2016 ነው። በ1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው 22 ዓመት የቆዩት ያህያ ጃሜ በተቃዋሚዎች ዕጩ በአዳማ ባሮው ተሸነፉ። በዚያ ምርጫ ብዮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆጠሩት እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ ነበር፤ በርሜሎቹ ተጭነው ሩቅ አልሄዱም። ጃሜ በመጀመሪያ ሽንፈታቸውን በቴሌቪዥን ተቀበሉ፤ ምርጫው ሊጭበረበር የማይችል እንደሆነም ራሳቸው መሰከሩ። ሳምንት ቆይተው ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሰበብ አላጡም፤ የምርጫ ኮሚሽኑ በድምር ላይ ስህተት አግኝቶ ውጤቱን አርሞ ነበር። ልዩነቱ ከ9 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ ገደማ ቢወርድም አሸናፊው አልተለወጠም። ልብ በሉ፣ የሳተው በርሜሉ አይደለም፤ ወረቀት ላይ የተደመረው ቁጥር ነው። ባሮው በጥር 2017 ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦር ድንበር ተሻገረ፤ ጃሜም ከሁለት ቀን በኋላ አገር ለቀው ወጡ።

በ2021 ለፕሬዚዳንትነት ስድስት ዕጩዎች ሲቀርቡ በየምርጫ ጣቢያው ስድስት በርሜል ተደረደረ። ዕጩ በበዛ ቁጥር በርሜሉም፣ ቀለሙም፣ ጭነቱም ይበዛል፤ ስለዚህ ወደ ወረቀት እንለፍ የሚሉት ወገኖች ክርክር ውኃ የሚያነሣ ነው። ብዩን ኋላቀር ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም። 22 ዓመት የገዛን ሰው በድምፅ ቆጠራ ያሸነፈ መሣሪያ ሥራውን ሠርቷል።