ስፓጎ፣ ሜትርና ቀለም፦ የመኪና ማቆሚያ መስመር ሥራ

አዲስ አበባ የሚገኘው መስቀል አደባባይ ታድሶ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከምድር በታች 1,400 ያህል ተሽከርካሪ የሚያስተናግድ ማቆሚያ ይዞ ነው። ኮንክሪቱ ቦታውን ሰጠ፤ ቁጥሩን የወሰነው ግን ወለሉ ላይ የተሰመረው መስመር ነው። መስመሩ ቢፋቅ አንዱ ሾፌር አግድም ያቆማል፣ ሌላው ምሰሶውን ሸሽቶ የሁለት መኪና ቦታ ይይዛል፣ ሦስተኛው መውጫውን ይዘጋል። ወለሉ ሳይጠብ ቦታው ይጠብባል።

ከዚያ አደባባይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ፣ ጉዳዩን በሌላ መልክ ታውቀዋለች። ከአፋር በረሃ የሚወጣ ጨው የሚገበያይባት ጥንታዊ ገበያ በመሆኗ፣ ጭነት የያዘ ሁሉ መጥቶ የሚያራግፍባት ከተማ ሆና ኖራለች። ዛሬ በግመሉና በአህያው ላይ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና የረድኤት ድርጅቶች ላንድክሩዘር ተጨምረዋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሆቴል ወይም በአንድ ባንክ ግቢ ሲገናኙ ማን የት እንደሚቆም የሚወስነው ቀድሞ የደረሰው ነው፤ ቢበዛ ዘበኛው በእጁ እያመለከተ ያስተካክላል። የዘበኛው ትጋት የሚመሰገን ነው። ግን ዘበኛ ይደክማል፣ ምሳ ይበላል፣ ይለወጣል። መስመር እዚያው ይቆያል።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው የቀለም ቅብ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን አብዛኛው ድካም የሚያልቀው የቀለሙ ቆርቆሮ ሳይከፈት ነው። መጀመሪያ የሚነሣው መሣሪያ መጥረጊያ ነው። አቧራ ላይ የተቀባ ቀለም የሚይዘው አቧራውን እንጂ አስፋልቱን አይደለም፤ ጎማ ሲያልፍበት ሁለቱም አብረው ይነሣሉ። የሞተር ዘይት የተንጠባጠበበት ቦታ በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። አዲስ አስፋልት ከሆነ በላዩ ያለው ቅባት እስኪተን ጥቂት ሳምንታት፣ አዲስ ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ እስኪጠነክር 28 ቀን ያህል ይጠበቃል። ችኩል ባለንብረት እዚህ ላይ ገንዘቡን ያባክናል።

ከዚያ ልኬት ይመጣል፤ የሙያው ልብ እዚህ ነው። ስፓጎ ይወጠራል፣ ሜትር ይዘረጋል፣ ነጥብ በጠመኔ ይደረጋል። ግድግዳውን አምኖ መነሣት አደገኛ ነው፤ ብዙ የግቢ አጥር ቀጥ ብሎ አልተሠራም። ስለዚህ አስማሪው ግንበኛ ሁሉ በሚያውቀው ዘዴ ማዕዘኑን ያወጣል፦ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካና የሁለቱ ጫፎች ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ክሩን ያንቀሳቅሳል። ለሰፊ ግቢ 6፣ 8 እና 10 ይሻላል፤ ትልቁ ሦስት ማዕዘን ስሕተትን ይቀንሳል። በ4 ሜትር ላይ የ2 ሳንቲ ሜትር መዛነፍ 30 ሜትር ሲደርስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናልና፣ መጀመሪያው ላይ ቸል የተባለው ነገር መጨረሻ ያለውን መኪና ቦታ ያሳጣዋል።

ለአንድ መኪና በብዙ አገር የተለመደው ቦታ 2.5 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት አካባቢ ነው። በሁለት ትይዩ ረድፎች መካከል ደግሞ መኪና ወደኋላ ወጥቶ እንዲዞር 6 ሜትር ያህል መተላለፊያ ያስፈልጋል። የተለመደው ሃይስ ሚኒባስ 1.7 ሜትር ይሰፋል፣ 4.7 ሜትር ይረዝማል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሚተርፍ በር ይከፈታል። ረጅሙ ላንድክሩዘር ግን ከ5 ሜትር ያልፋልና እሱ የሚበዛበት ግቢ ርዝመቱን 5.5 ቢያደርገው ጥሩ ነው። ባጃጅ ደግሞ ስፋቱ 1.3፣ ርዝመቱ 2.6 ሜትር ገደማ ነው። ለባጃጅ የመኪና ቦታ መስጠት መሬት ማባከን፣ ጨርሶ አለመስጠት ደግሞ መግቢያው ላይ እንዲደረደር መጋበዝ ነው። ጥግ ላይ 1.6 በ3 ሜትር እየተደረገ ቢሰመርለት ሁሉም ይገላገላል። ግቢው ጠባብ ከሆነም መኪኖቹን በ45 ዲግሪ ማጋደል ይቻላል፤ መተላለፊያው አንድ አቅጣጫ ብቻ እስከሆነ ድረስ 4 ሜትር ይበቃዋል።

በቁጥር እንየው። 25 ሜትር ርዝመትና 16 ሜትር ስፋት ያለው፣ መግቢያው በአጭሩ ጎን መሃል የሆነ ግቢ አለ እንበል። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 10 መኪና፣ በድምሩ 20 ይሆናል። አሁን በአንዱ ረድፍ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው ቦታ እናውጣ። መኪናው የሚቆምበት 2.5 ሜትር፣ ከጎኑ ወንበሩ የሚወርድበትና የሚዞርበት፣ ማንም እንዳይቆምበት በሰያፍ ጭረት የተሞላ 1.5 ሜትር፤ በድምሩ 4 ሜትር ነው። በቀረው 21 ሜትር 8 መኪና ይቆማል፣ 1 ሜትር ይተርፋል። የተረፈችው አንድ ሜትር እስከ ሕንፃው በር የእግረኛ መሄጃ ትሆናለች። ባለንብረቱ ያጣው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከ20 ወደ 19።

ይህን ስሌት አስረዝሜ የጻፍኩት ብዙ ሰው አካል ጉዳተኞችን ያገናዘበ ማቆሚያ ውድ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ውድ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መዳረሻ እንዲኖራቸው አዝዟል። ጦርነት ባለፈበት አገር በክራንችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ባንክ ቤት ደጃፍ ደርሶ ከመኪናው መውረጃ ማጣት የለበትም። ቦታው ለበሩ ከሁሉ የቀረበው፣ ወለሉም ሜዳው ሊሆን ይገባል፤ በ1 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ካዘቀዘቀ ወንበሩ ይንሸራተታል። ሰቆጣን በመሰለ ተዳፋት በሚበዛበት ከተማ ይህን ሜዳ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ከመስመሩ ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ለበርና ለመስኮት የሚገዛው የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ለዚህ አይሆንም። ጎማ ይልጠዋል፤ ዝናብ ሲነካውም እግረኛንና ሞተረኛን ያንሸራትታል። ለመንገድ ተብሎ የተዘጋጀው ቀለም ደብዛዛ፣ ቶሎ የሚደርቅና መፋተግን የሚችል ነው። እርጥቡ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቀባል፤ በዚህ ልክ 1 ሊትር ቀለም 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር 25 ሜትር ያህል ያስኬዳል። ቅድም ያየነው ባለ 20 ቦታ ግቢ 22 መስመር፣ ማለትም 110 ሜትር አለው፤ ለአንድ ዙር ከ5 ሊትር ያነሰ ይበቃዋል። ቀለሙ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ቲነር ወይም አኳራጅ እያበዙ ማቅጠን ምንም አይጠቅምም። ቢጫ ለሚገዛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የድሮ ቢጫ የመንገድ ቀለሞች ሊድ ነበረባቸው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሊድ ቀለም ቁጥጥር ደንብ መጠኑ ከ90 ፒፒኤም እንዳያልፍ ወስኗልና ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በትልልቅ አውራ ጎዳናዎች የሚፈሰው ቴርሞፕላስቲክ ዕድሜው ይረዝማል፤ ግን ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ የሚያሞቅ ጋንና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ለአንድ ሆቴል ግቢ ቀለም ይበቃል፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

መብራት በሚጠፋበት ምሽት መስመሩ እንዲታይ የሚያደርገው የመስታወት ብናኝ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ድቡልቡል የመስታወት ፍሬዎች ቀለሙ ሳይደርቅ ይነሰነሱበታል፤ ግማሽ አካላቸው ሰምጦ ግማሹ ከላይ ይቀራል። የመኪናው መብራት ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ነክቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ዘግይቶ ከተነሰነሰ አይጣበቅም፤ ነፋስ ካለም ይበተናል። የደጋው ማለዳ ደግሞ ሌላ ጠላት አለው፦ ጤዛ። ወለሉ ደርቆ ሲነኩት እስኪሞቅ ድረስ ቀለም ባይነሣ ይሻላል። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ብርቱ ፀሐይም ቀለሙን ቶሎ ያገረጣዋል።

የመንገድ መስመር ታሪክ ሩቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን የዌይን አውራጃ የመንገድ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ሃይንስ በ1911 እ.ኤ.አ. የመንገድ መሃል ነጭ መስመር ካሰመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ሐሳቡ የመጣለት ከሚያፈስ የወተት ጋሪ ኋላ የቀረውን ነጭ ዱካ አይቶ ነው ይባላል።

ለከተሞቻችን ግን ከዚህ ታሪክ የሚበልጠው ጥያቄ ኮብልስቶኑ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ይህ ንጣፍ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፤ ለቀለም ግን አይመችም። በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ ቀለም አይዝም፤ የድንጋዩ ጀርባም በጎማ ይላጣል። መፍትሔው እዚያው ድንጋዩ ውስጥ አለ። ንጣፉ ሲሠራ ጥቁሩ መካከል ነጣ ያለ ድንጋይ በመስመር ቢደረደር ማቆሚያው ለዘለቄታው ተሰመረ ማለት ነው፤ ቀለም አይፈልግም፣ ዕድሳት አይፈልግም። ድንጋይ ጠራቢ በሞላበት አገር ይህ ከቀለም ሥራ ይልቅ የሚመረጥ ይመስለኛል። አፈርና ጠጠር ለሆነ ግቢ ደግሞ ድንጋይ በየ2.5 ሜትሩ ግማሹን ቀብሮ የታየውን ጫፍ በኖራ መቀባት ያገለግላል።

ሰቆጣም ሆነ ሌላ ከተማ ውስጥ ሆቴል፣ ባንክ ወይም የገበያ ሕንፃ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ሥራ ክረምቱ ወጥቶ ወለሉ ሲደርቅ አሠሩት። ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ የመስመሩን ስፋት፣ የቀለሙን ዓይነትና ስንት ዙር እንደሚቀባ በጽሑፍ አስፍሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጀመሪያ በኖራ ብቻ ያስምርላችሁ። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ላንድክሩዘርና አንድ ባጃጅ አስገብታችሁ አስወጡ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም የሰፈራችሁን ሰው ጋብዛችሁ ከመኪና ወርዶ እስከ በሩ እንዲሄድ ጠይቁት። እሱ ያልተመቸውን አስተካክሉ፤ ቀለሙን የምታዝዙት ከዚያ በኋላ ይሁን።