ከፑንት የሄደው ባለ ካባ እንግዳ

ማሽላው እሸት በያዘ ሰሞን፣ በማጀቴ ቆላ ማማ ላይ የወጣ ጠባቂ ወንጭፉን ከእጁ አይለይም። ዝንጀሮ ከገደል ወርዶ ማሳው ውስጥ ከገባ የዓመቱ ልፋት በአንድ ረፋድ አፈር ይበላልና። ይህ ፍልሚያ የሚካሄድበት የይፋት ተዳፋት ግን ለዝንጀሮ ወገን የተዘረጋ ያማረ ሰገነት ነው። ሽቅብ ወደ መንዝ ቢወጡ በጓሳ ሣር ላይ ደረተ ቀዩ ጭላዳ ተሰማርቷል፤ ቁልቁል ወደ አዋሽ ሸለቆ ቢወርዱ ደግሞ የዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪክ፣ ሐማድርያስ የተባለው ዝንጀሮ፣ በረሃውን እንደ ግል ርስቱ ይዞታል።

ወንዱ ሐማድርያስ ለመታየት የተፈጠረ ይመስላል። ብርማው ጠጉሩ ከጉንጩ ተነሥቶ ትከሻውን እየሸፈነ እንደ መኳንንት ካባ ይወርዳል፤ ፊቱ ወደ ጽጌረዳ ቀለም ያደላል፤ አረማመዱም ችኮላ አያውቅም። ቡናማ የለበሱት ሴቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው ይከተሉታል፤ ሲመሽም መንጋው ተሰብስቦ ገደል ላይ ያድራል። የጥንት ግብፃውያን ይህን ግርማ ዝም ብለው አላለፉትም። የጥበብና የጽሕፈት አምላካቸውን ቶትን በእርሱ መልክ ቀረጹ፤ እጆቹን አንሥቶ የማለዳዋን ፀሐይ ሲቀበል አሳይተው በሉክሶር ሐውልት ግርጌ አቆሙት፤ ሲሞትም በበፍታ ገንዘው ሙሚ አደረጉት። እኛ በወንጭፍ የምናባርረውን እነርሱ በዕጣን አጥነውታል።

ነገር ግን ሐማድርያስ የግብፅ ተወላጅ አይደለም። የዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ የነገሠችው ሃትሼፕሱት በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸችው ዝነኛ ጉዞ፣ የዕጣን ዛፎችንና ዝንጀሮዎችን ጭነው ከፑንት ምድር የሚመለሱ መርከቦችን ያሳያል። ፑንት የት ነበረች የሚለው ጥያቄ ግን ምሁራንን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል።

ለክርክሩ አዲስ ምስክር ሆኖ የቀረበው ጥርስ ነው። የጥርስ ኢናሜል በልጅነት አንዴ ከተሠራ በኋላ አይታደስም፤ እንስሳው ባደገበት አገር ከጠጣውና ከበላው ያገኘውን ስትሮንቲየም እንደያዘ ይኖራል፤ የስትሮንቲየም አይሶቶፖች ምጣኔ ደግሞ እንደየአገሩ ዐለት ይለያያል። አጥንትና ጠጉር ግን ስለሚታደሱ የኋለኛውን ዘመን ኑሮ ይናገራሉ። ናትናኤል ዶሚኒ፣ ሳሊማ ኢክራምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከ77 ስፍራዎች የተሰበሰቡ የ155 ዘመናዊ ዝንጀሮዎችን ናሙና መርምረው፣ የብሪቲሽ ሙዚየምን ጥንታዊ ሙሚዎች ከዚያ ጋር አነጻጸሩ። ጥርሱ ከግብፅ ውጭ መወለዱን የመሰከረ አንድ «አዲሱ መንግሥት» ከሚባለው የጥንታዊት ግብፅ ዘመን የመጣ ሙሚ ተገኘ። የትውልድ ቀዬው ዛሬ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ በሚገኙበት፣ እስከ ሶማሊያና የመንም በሚዘልቅ ክልል ውስጥ ነው።

ክልሉ ሰፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ዲ ኤን ኤ ጠበብ አደረገው። ጊዜላ ኮፕ የመራችው ቡድን ናሙና ከወሰደባቸው 10 ሙሚዎች የአንዱን የእናት መስመር ዘረ መል ሙሉ በሙሉ ማንበብ ቻለ፤ የቅርብ ዘመዶቹም በኤርትራ ባሕር ዳርቻ፣ አዱሊስ አካባቢ ተገኙ። አዱሊስን የምናውቃት የአክሱም ወደብ ሆና ነው፤ ይህ እንስሳ የሞተው ግን ከ800 እስከ 540 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ባለው ጊዜ፣ ከአክሱም ገናናነት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ተመራማሪዎቹ ፑንትና አዱሊስ በተለያየ ዘመን የተጠራ አንድ የንግድ አካባቢ ሊሆኑ ይችላሉ ማለታቸው ለእኔ የጥናቱ ማራኪ ሐሳብ ነው።

ሙሚውን ያስገኘው የግብፅ መካነ መቃብር ጋባናት ኤል ቁሩድ ይባላል። ሎርቴና ጋያር የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1905 ቆፍረው ያወጧቸው አጥንቶች ዛሬ በሊዮን ከተማ ኮንፍሉዋንስ ሙዚየም ይገኛሉ። ቤልጅየማዊው ቪም ፋን ኔር ከባልደረቦቹ ጋር መርምሯቸው ቢያንስ 36 ዝንጀሮዎችን ለየ፤ ከእነዚህ እንከን ያልተገኘባቸው አራት ብቻ ናቸው። የተንጋደደ የእጅና የእግር አጥንት፣ በምግብ እጥረትና በፀሐይ እጦት የተጎዳ አካል! ፀሐይን እንዲቀበል በድንጋይ የተቀረጸው እንስሳ ብርሃን በማይደርስበት ቅጥር ውስጥ አድጓል። በሌሎች ስፍራዎች ደግሞ ክራንቻቸው የተነቀለባቸው ሙሚዎች ተገኝተዋል።

ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ ከእነዚህ ሙሚዎች አንዱን ለአንድ ወቅት በውሰት አስመጥቼ፣ ሉሲ በምትገኝበት በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ከአዱሊስና ከአዋሽ ሸለቆ ካርታ ጎን አሳይ ነበር፤ የመክፈቻውን ሪባን እንዲቆርጥም የማጀቴውን ማሽላ ጠባቂ እጋብዝ ነበር። ስለ ዝንጀሮ አመል ከማናችንም በላይ የሚነግረን እርሱ ነው።