ጳውሎስና ያዕቆብ ይጣላሉን?

በማደሪያችን የሃይማኖት ክርክር ሲነሣ አንዱ «እምነት ይበቃል» ብሎ ወደ ሮሜ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ይገልጣል፤ ሌላው «ያለ ምግባር ምን ሊረባ!» ብሎ የያዕቆብን መልእክት ያነሣል። ነገር ግን ሁለቱም ሐዋርያት የሚጠሩት ምስክር አንድ ሰው ነው፤ እርሱም አብርሃም ነው።

ጳውሎስ የሚያሳየን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ያለውን አብርሃም ነው፤ ልጅ ሳይወልድ፥ ሳይገረዝም፥ የተስፋውን ቃል ያመነውን። ያዕቆብ ግን እስከ ምዕራፍ 22 ይከተለዋል፤ በዚያ ይስሐቅን ወደ መሠዊያ ያቀርባል። ያው ሰው ነው፤ እምነቱ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ተፈተነ።

ደግሞም ሁለቱ «ሥራ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። ጳውሎስ የሚሟገተው፥ ከአሕዛብ ያመኑት ካልተገረዙ አይድኑም ከሚሉት ጋር ነው። የያዕቆብ «ሥራ» የተራቈተውን ማልበስ፥ የተራበውን ማብላት ነው። የሚነቅፈውም እምነት አጋንንት እንኳ ያላቸውን ዕውቀት ነው። (በራችን ላይ የቆመው ነዳይ ክርክራችንን ቢሰማ ለማን እንደሚፈርድ መገመት አያስቸግርም።)

ሉተር በ1522 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የሮሜን መልእክት ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፥ በግሪኩ የሌለውን «ብቻ» የሚል ቃል ጨመረ፤ የያዕቆብን መልእክት ግን ከገለባ ቈጠረው። ይህ እንደ እኔ አስተያየት የችኰላ ፍርድ ነው። በ1547 የትሬንቶ ጉባኤ በበኩሉ «በእምነት ብቻ» የሚለውን አወገዘ። ካቶሊኮችና የሉተራውያን የዓለም ፌዴሬሽን፥ መልካም ሥራ የጽድቅ ፍሬ ነው ብለው በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ የፈረሙት በ1999 ነው፤ ከውግዘቱ 452 ዓመት በኋላ።