ከክረምት በፊት ነይ

ቅጥቅጥ መኪና ላይ ጉልበታችሁ ከፊተኛው ወንበር እየተላተመ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ እየተካፈላችሁ ከማን ጋር ተጉዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይህችን እህቴን ያወቅኋት ቢሮ ውስጥ አይደለም። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነበር፤ ያወቅኋት ግን ከደሴ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደተመረቅሁ ደሴ ውስጥ በአንድ የአገልግሎት ቢሮ አብረን ሠራን። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላት ነበር። የሰንበት ትምህርት መምህራንን ለማሠልጠን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ምዕራቡ ደጋ እንወጣለን። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከዚያ ጊምባ፣ ከዚያ አቀስታ፣ የለጋምቦ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ቦረና። አቀስታ ላይ መኪናችን ሲበላሽ አንዲት ሙስሊም እናት «አብሽሩ» ብለው ቤታቸው አስገብተው ቡና አፈሉልን። ማን እንደሆንን እንኳ የጠየቁን ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሥልጠናው ሲያበቃ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ደን ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ለማየት ወጣን። እትዬ ከዝንጀሮዎቹ ይልቅ ጅብራውን እያየች «ይህ ሁሉ ብርድ እየመታው እንዴት ቀጥ ብሎ ቆመ?» ትለኝ ነበር።

መንገዱ ሲረዝም ታሪክ እነግራታለሁ። በጣም የምትወደው የጀርመናዊውን ሚስዮናዊ የክራፕፍን ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ተነሥቶ ወሎን ሲያቋርጥ የአካባቢው ገዥ አዳራ ቢሌ ያለውን ሁሉ ወሰደበት። እንደምንም ምፅዋ ደርሶ ወደ ግብፅ ተሻገረና በዚያው ዓመት እጮኛውን ሮዚናን አገባ። እትዬ «ሁሉን ተዘርፎ ሲመጣ ምን አለችው ይሆን?» እያለች ትስቃለች። ሮዚና ግን በ1844 ሞምባሳ ላይ በወለደች በጥቂት ቀናት ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቋ ይቆማል። «አገልግሎቱን ቀጠለ የሚለውን ተዪልኝ፤ እንዴት አለቀሰ? እሱን ንገሪኝ።»

በ2006 ዓ.ም. በመጨረሻው ጉዟችን መካነ ሰላም ላይ ትኩሳት ያዘኝ። ያረፍንባቸው እናት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ጋቢዋን ደርባልኝ እሷ በነጠላ አደረች። ጠዋት ጋቢውን ለእናታችን ትታላቸው «ስመለስ እወስደዋለሁ» አለች። አልተመለስንም። እኔ ከባለቤቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ልጆች፣ ጉባኤ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ መጣ። የመጋቢ ሚስት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለሁሉ ሰው ጊዜ ይኖረናል፣ ለጓደኛ ግን አይተርፍም።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደወለችልኝ። «ከክረምት በፊት ነይ፤ ሄደን ጋቢዬን እናምጣ።» ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ እንዲሁ እንደጻፈለት ታስታውሳላችሁ፤ ጢሮአዳ የተወውን ልብስ ይዞ ክረምት ሳይገባ እንዲመጣ ለምኖታል። ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ክፍል ስናጠና «እስረኛው ሐዋርያ በርዶት ነበር» ብዬ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ለእትዬ ግን «ከመስቀል በኋላ» አልኳት። በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ግጭት ተባባሰ፤ መንገዱም እንደ ልብ የማያስኬድ ሆነ። በጥር ወደ ጌታ ሄደች። መታመሟን የነገረችኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ደውዬ አልጠየቅሁም።

ቤታችን ሊያጽናኑን የመጡት «ጌታ ጋር ናት፣ አታልቅሺ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጌታ ጋር ናት። እኔም በስንት ለቅሶ ቤት ያንኑ ተናግሬአለሁ! ለእኔ ግን የተስፋ ማነስ አልነበረም። ያቺን አንዲት ቃሌን፣ «ከመስቀል በኋላ» ማለቴን፣ ለማንም መናገር አልቻልኩም። ባለቤቴም አንድ ወር ያህል «የሥራ ባልደረባዋ ነበረች» ብሎ አልፎት ነበር። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን ምንም ሳይሰብክ አጠገቤ ተቀምጦ «እስኪ ያንን መንገድ ንገሪኝ» አለኝ። ከጉጉፍቱ ጀመርኩ። አቀስታ ሳልደርስ አለቀስኩ፤ እሱም ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ስልኩም ነገርኩት።

በማግሥቱ መካነ ሰላም ላሉት እናት ደወልኩ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። በሦስተኛው መሞቷን ነገርኳቸውና አብረን አለቀስን። ከዚያ «ጋቢው ሣጥን ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ አጥቤ አሰጣዋለሁ። ማን ይመጣበታል ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ይሰማ ነበር፤ «ሁለት ሆነን እንመጣለን በያቸው» አለኝ።