አራሹና የሰውነቱ ጎተራ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል የሚኖር ገበሬ መጋቢት ሲገባ የበቆሎ ማሳውን ለማለስለስ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ይጠምዳል። ጊዜው የሁዳዴ ጾም ስለ ሆነ፣ ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህልም ውሃም አይቀምስም። ማለዳ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከርራል። እንግዲህ ይህ ሰው ሳይበላ ያን ሁሉ ትልም የሚያወጣበትን ኃይል ከየት ያገኛል? የውጪው አየር ሲለዋወጥ የውስጥ ሙቀቱስ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ረግቶ የሚቆየው እንዴት ነው?

መልሱን ለማግኘት ከትናንት ማታ መጀመር ያስፈልጋል። ገበሬው ራቱን የበላው የዳጉሳ እንጀራ በአንጀቱ ውስጥ ደቅቆ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ተለውጧል፤ ከዚያም ከደሙ ገብቷል። ነገር ግን በአንድ ጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ስኳር በጠቅላላው 5 ግራም ያህል፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ይህ ከጥቂት ደቂቃ እርሻ አያልፍም። ቢሆንም አይነጥፍም፤ ከበስተኋላው ጎተራ አለውና። ጎተራው ጉበት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር እ.ኤ.አ. በ1857 ግላይኮጅን የተባለውን የስኳር ክምችት ከጉበት ለይቶ ለማውጣት ችሏል። የአዋቂ ሰው ጉበት ከዚህ ክምችት 100 ግራም ያህል ይይዛል፤ ጡንቻዎችም የየራሳቸው ስንቅ አላቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ዝቅ ሲል ቆሽት ግሉካጎን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ጉበትም ጎተራውን ይከፍታል። ከምግብ በኋላ ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ያው ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጭና ትርፉ ተመልሶ ይከተታል። ጾሙ እየረዘመ ሲሄድ የስብ ክምችት በብዛት ሥራ ላይ ይውላል። እንዲህ ያለው የውስጥ ሚዛን አጠባበቅ ሆሚዮስታሲስ ይባላል፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ነው።

ስኳሩና ስቡ በሕዋሳት ውስጥ፣ ማይቶኮንድሪያ በተባሉ ደቃቅ ክፍሎች፣ ሳንባ ከሳበው ኦክስጂን ጋር ተዋሕደው ኃይል ይሰጣሉ። አነዳደዳቸው እንደ ምድጃ እሳት አይደለም፤ ነበልባል የለውም፤ ደረጃ በደረጃ ነው። ሆኖም ጡንቻ ከሚያገኘው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ አራሹን የሚያሞቀው ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ጡንቻውም ነው።

አንጎል ይህን ሲረዳ በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች እንዲሰፉ፣ ላብም እንዲፈስ ያዛል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከግንባር ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ላብ ግን አያቀዘቅዝም፤ የባከነ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሰውነት ለስኳር ጎተራ አለው፤ ለውሃ ግን የለውም። ኩላሊት በሆርሞን ትእዛዝ ሽንትን አሳንሶና አወፍሮ ውሃውን ይቆጥባል እንጂ የወጣውን አይተካም። ደም ሲቀንስ ልብ ይፈጥናል፤ ቆዳ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማጥወልወል ሲጀምር እርፉን ለቅቆ ጥላ ሥር መቀመጥና ውሃ መጠጣት ይገባል። ንግግሩ የተምታታበት ወይም ራሱን የሳተ ሰው ቢኖር ግን ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው፤ ልብሱን አላልቶ፣ ገላውን በውሃ እያራሱ፣ እያራገቡ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል።

ደኅና የዋለው አራሽ በሬዎቹን ፈትቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ሲጎነጭ ጥማቱ ወዲያው ይበርድለታል። የሚያስገርመው፣ ውሃው ገና ከደሙ ሳይደርስ ነው አንጎል «በቃ» የሚለው። ማታ ብርዱ ሲመለስ የቆዳው የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ እርሱም ጋቢውን ይደርባል። ጉበቱ በዚያው ሰዓት ለነገው እርሻ ስኳር እየከተተ ነው።